ልጄ ሆይ፣ ዝርዝሩን አጥፋው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን በስልክ ማውራት ስላልፈለግሁ በሰው እጅ ላክሁልህ። አክስትህ ነገረችኝ። ለታሰሩት ጓደኞችህ ስንቅ መግዣ ብር ታሰባስባለህ አሉ። በዚህ አልቆጣህም፤ የታሰረ መጠየቅን እኛው ነን ያስተማርንህ። ግን ማን ስንት እንዳዋጣ ስልክህ ላይ መዝግበሃል። አጥፋው። ዛሬውኑ አጥፋው።

አጎትህ እንደተያዘ ታውቃለህ፤ በምን እንደተያዘ ግን ነግሬህ አላውቅም። መጋቢት 1969 የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ አያትህ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨመረች። አንድ ደብተር አመለጣት። የሰፈር ልጆች ኳስ ሊገዙ ያዋጡት ነበር የተጻፈበት። ስም፣ ከጎኑ ሃምሳ ሳንቲም። ስም፣ ከጎኑ ሃያ አምስት ሳንቲም። ፈታሾቹ ደርግን በኅቡዕ ይታገል የነበረው ፓርቲ የኢሕአፓ መዋጮ ነው አሉ። ስማቸው ያለበት ልጆች በዚያው ሌሊት ተለቀሙ። ወፌ ላላ ሰቅለው እየገረፉ ሌላ ስም አምጡ ይሏቸዋል። ልጅ ምን ያድርግ? የሚያውቀውን ይጠራል። ሽብሩ ከቤት ቤት የገባው እንዲህ ነው።

ከአያትህ ጋር ምሳ እየያዝን እንመላለስ ነበር። አንድ ቀን "ይዛችሁ ተመለሱ፣ ሁለተኛ እንዳትመጡ" አሉን። ያኔ ገባን። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። አያትህ ነጠላዋን እንኳ ሳታዘቀዝቅ ሞተች።

ያ ዘመን አለፈ ትለኝ ይሆናል። እስረኛ እየተገረፈ ይመረመርበት የነበረው ማዕከላዊም በ2010 ተዘግቷል። ነገር ግን የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች በ2006 ሲከሰሱ፣ ኮምፒውተራቸውን ከሰላይ ስለመጠበቅ መሠልጠናቸው ሳይቀር እንደ ወንጀል ተቆጥሮባቸዋል። ያንተ ስልክ ደግሞ ከአጎትህ ደብተር ይልቅ ብዙ ሰው ይዟል።

የመሰለህን ተናገር፤ አልከለክልህም። ሃምሳ ብር የሰጠችህ ልጅ ግን እናት አላት። ስሟን አታስቀምጥ።

ምግብ ስታደርስ ቅመስ ካሉህ ቅመስ፣ አትከራከር። ምናልባት አንተንም ከያዙህ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት አለህ። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊያቀርቡህ ይገባል። ይህንና የአባትህን ስልክ ቁጥር በቃልህ ያዝ። ቁርስህንም አትዝለል፤ ከስተሃል አሉኝ።

ለብርዱ ጋቢ ልኬልሃለሁ። ስትደውል ስለ ዝርዝሩ እንዳታነሳ። "ጋቢው ደርሶኛል" ካልከኝ እንዳጠፋኸው ይገባኛል። እስከ እሑድ ካልደወልክ ራሴ እመጣለሁ።

እናትህ