እማዬ፣ ፎቶውን አይተሽ አትጨነቂ

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እህቴ ፎቶውን ስታሳይሽ "ይቺ ልጅ ገደል ላይ ምን ትሰራለች" ብለሽ ስታስቢ እንዳደርሽ ነገረችኝ፣ ስልኩ ደግሞ እየተቆራረጠ በደንብ አላስረዳሁሽም፣ ስለዚህ ቁጭ ብላ ታንብብልሽ ብዬ ነው የምጽፈው።

ገደል አይደለም እማዬ፣ ሀይቅ ዳር ነው የቆምኩት። ኮልቸክ ይባላል። ከሲያትል በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሄደሽ ሌቨንወርዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ከሷ ወደ ተራራው ትገቢያለሽ፣ ፓርኪንጉ ቶሎ ስለሚሞላ እኛ ሳይነጋ ነው የተነሳነው። መኪናው ጫካው አፍ ላይ ይቀራል፣ እዛው ያለውን ወረቀት ሞልተሽ አንዱን ቅጂ ቦርሳሽ ላይ ታስሪያለሽ፣ ከዛ በኋላ እግር ብቻ ነው። ደርሶ መልስ ወደ 13 ኪሎሜትር ነው፣ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል ግን 700 ሜትር ሽቅብ አለው፣ ክፉው ዳገት ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠብቅሽ።

መጀመሪያ ወንዙን ይዘሽ ጥላ ለጥላ ነው፣ ደስ ይላል። ድልድዩን ከተሻገርሽ በኋላ ግን ትልልቅ ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ይመጣል፣ በእጅም በእግርም ነው የሚታለፈው፣ ከሱ በኋላ የዛፍ ስር እየረገጥሽ ደረጃ ለደረጃ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ብቻ። ጭኔ እየተንቀጠቀጠ ነበር። የላክሽልኝን በሶ በጥብጠን ጠጣን፣ ፈረንጆቹም ቀምሰው ወደዱት፣ እውነቴን ነው የምልሽ በሶው ባይኖር ያቺን የመጨረሻዋን ዳገት እንዴት እንደምወጣት እንጃ። ብቻዬን እንዳልሄድኩ ደግሞ እወቂልኝ፣ አምስት ነበርን፣ አንዷ ነርስ ነች።

ከዛ ዛፎቹ ገለጥ ሲሉ ውሃው! ፎቶው ላይ ያየሽው ቀለም በስልክ የተቀባ አይደለም፣ ልክ እንደዛ ነው። ላይ ተራራው ላይ ያለው የበረዶ ግግር ድንጋዩን እየፈጨ እንደ ዱቄት ያልመዋል፣ ያ ዱቄት ውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ነው ብርሃኑ ሲመታው አረንጓዴም ሰማያዊም የሚሆነው። ግግሩ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው፣ ይሄ ያሳዝነኛል፣ ልጆቼ ሲደርሱ ያን ቀለም ያዩት ይሆን እላለሁ። ነጫጭ የተራራ ፍየሎችም አሉ፣ ጨው ፍለጋ የሰው ላብ ያለበትን ቦርሳ ሁሉ ሊልሱ ይመጣሉ፣ እኛ ግን ራቅ ብለን ነው ያየናቸው፣ ቀንዳቸው ስለት ነው።

"ታቦት የለ፣ ዘመድ የለ፣ ምን አስኬደሽ" አልሽኝ። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ እንደምውል ታውቂያለሽ፣ ከስራ ስወጣ ጨልሟል፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ቢል ብቻ ነው። እዛ ላይ ስደርስ ስለምንም አላሰብኩም፣ ቁጭ አልኩና መጀመሪያ የመጣብኝ ዝቋላ ነው። አንቺ ለመጋቢት አቦ ስትሄጂ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ከበራችን ሆኜ ተራራውን እያየሁ "እማዬ አሁን እዛ ናት" እል ነበር። ኮልቸክ 1,700 ሜትር ላይ ነው፣ ደብረዘይት ራሷ ከሱ ትበልጣለች፣ ዝቋላ ደግሞ ሶስት ሺህ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ይሄን ሳስብ አንቺ በነጠላና በጎማ ጫማ፣ ያውም ጾም ይዘሽ፣ ያን ሁሉ መውጣትሽ አሁን ነው የገባኝ፣ እኔ ስንት ነገር ተሸክሜ ነው እኮ የወጣሁት።

አቦ እዛ ዝቋላ ላይ ያለው ሀይቅ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው መቶ ዓመት ለኢትዮጵያ ጸለዩ እያልሽ ታወሪኝ ነበር፣ የሰዉን ብዛትም ነግረሽኛል፣ የመንገዱን ግን አንድ ቀን አንስተሽልኝ አታውቂም። በየት በኩል ነበር የምትወጡት? ሌሊት ነው የምትነሱት? ስንቁን ማን ይይዛል? ውሃውን መጀመሪያ ያየሽው ቀን ምን አልሽ? እህቴ በዋትሳፕ ትቅዳልሽና ላኪልኝ፣ ቢረዝም ችግር የለውም፣ ስራ ስሄድ መኪና ውስጥ እሰማዋለሁ። የጉልበትሽን መድሃኒት ደግሞ ምግብ ሳትበይ እንዳትውጪ፣ አደራ።