ለቀይ ቀበሮ የዘር ምርመራም ያስፈልጋታል

ውድ አዘጋጅ፣

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረችው 500 ገደማ ብቻ ናት። ባሌ ተራሮች ውስጥ ሳነቴ አምባ ላይ አንዷን አይቻለሁ፤ የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ ንቅንቅ ሳትል አድፍጣለች። ራቅ ብሎ የእረኛ ውሻ ይዞራል። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣባታል፣ በዚያ ላይ ይዳቀላታል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የዘረመል ጥናት ባሌ ውስጥ ከውሻ የተዳቀሉ መኖራቸውን አሳይቷል። ይሄ ሁሌ በዓይን አይለይም፣ ናሙና ይፈልጋል። የስሜንና የባሌዎቹም በዘር የተራራቁ ስለሆኑ፣ ሳይመረመር ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ይወሰዱ ማለት አደጋ አለው። እባካችሁ፣ ውሾቹ ይከተቡ፤ የቀበሮዎቹም ናሙና እዚሁ አገር ቤት፣ በራሳችን ልጆች ይመርመር!

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ