ላብ ሳያሰምጥሽ ሂጂ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? ከጓደኞችሽ ጋር ፌብሩዋሪ 26 ተነስታችሁ አፓላችያን ትሬይልን፣ ያንን የአሜሪካ ረጅም የእግር መንገድ፣ ከጆርጂያ ልትጀምሩ ነው አሉ። 3,500 ኪሎ ሜትሩንም፣ መጨረሻው ላይ ሜይን ያለውን የካታህዲን ተራራንም ለጊዜው እርሱት። ይህ ደብዳቤ ሱቅ እስካለበት እስከ ኒል ጋፕ ስላሉት አምስት ቀናት ብቻ ነው።

ከብርዱ ይበልጥ የምፈራልሽ ላብሽን ነው። ከምትነሱበት ከአሚካሎላ ፏፏቴ ሥር 604 ደረጃ አለ። ጃኬት ለብሶ የወጣው ሰው ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የውስጥ ልብሱ ርሷል፤ 1,153 ሜትር ላይ፣ ትሬይሉ በሚጀምርበት በስፕሪንገር ተራራ ጫፍ፣ ነፋስ ሲያገኘው ያ ርጥበት የገላውን ሙቀት ይመጠዋል። ስለዚህ ስትነሺ ትንሽ ይብረድሽ። አሥር ደቂቃ ሄዳችሁ ቁሙና አንድ ልብስ አውልቁ። ስታርፊ ደግሞ መጀመሪያ ወፍራሙን ጃኬት ልበሺ፣ ውሃው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጂንስና የጥጥ ካልሲ ቤት ይቅሩ፤ ጥጥ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም። አንድ የሱፍ ካልሲ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ፣ ጠዋት ቢያጓጓሽም አትሂጂበት።

ፊት ፊት የሚሄደው ከመካከላችሁ ቀርፋፋው ይሁን። ጎበዙ ከመራ የኋላው በላብ ይጠመቃል፣ የፊተኛው ደግሞ ቆሞ ሲጠብቅ ይበርደዋል። አካሄዱ ይህን ይመስላል፦ የመጀመሪያው ቀን 14 ኪሎ ሜትር እስከ ስፕሪንገር መጠለያ፣ ቀጥሎ 13 እስከ ሆክ ማውንቴን፣ 12 እስከ ጉች፣ 14 እስከ ላንስ ክሪክ፣ በመጨረሻ 11 ገደማ እስከ ኒል ጋፕ። ጉልበት ተርፎናል ብላችሁ ቀን አትደርቡ፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚያብጠው ብዙ ጊዜ ቆየት ብሎ ነው። ብለድ ማውንቴንን (1,358 ሜትር) በቀን አልፋችሁ ውረዱ። ከማርች 1 ጀምሮ ከጃራርድ ጋፕ እስከ ኒል ጋፕ ለማደር ድብ የማይከፍተው ጠንካራ የምግብ ዕቃ ግዴታ ነው፤ እናንተ ደግሞ እዚያ የምትደርሱት ማርች ገብቶ ነው።

የስሊፒንግ ባግሽ መለያ ላይ ሁለት የሙቀት ቁጥር ፈልጊ፦ ኮምፎርት (ተመችቶሽ የምትተኚበት) እና ሊሚት (እንደምንም የሚቻልበት የመጨረሻው ብርድ)። በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሊሚቱ ነው፤ አንቺ ኮምፎርቱን እመኚ። ከሥርሽ የሚነጠፈው ፓድ አር ቫልዩው፣ ማለትም የመሬቱን ብርድ የመከላከል አቅሙ ቁጥር፣ ከ4 ባያንስ ጥሩ ነው፣ ሁለት ፓድ ሲደራረብ ቁጥሩ ይደመራል። የውሃ ፊልተሩን ሌሊት በላስቲክ ጠቅልለሽ አብረሽው ተኚ፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። የውሃ ጠርሙሱን ገልብጠሽ አስቀምጪው፣ በረዶው ከላይ ስለሚጀምር ክዳኑ አይያዝም። የማብሰያው ጋዝም ብርድ አይወድም፦ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ አልነሳም ይላል። አይሶቡቴን ያለበትን ግዙና ከማብሰላችሁ በፊት ብብትሽ ሥር አቆዪው።

ምግብን በተመለከተ በሶ የሚያህል የለም፤ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። 100 ግራም በሶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና ቀዝቃዛ ውሃ ከ550 ካሎሪ በላይ ይሆናል። ቆሎና ለውዝ ኪስሽ ውስጥ ይሁን፣ በየሰዓቱ ቆንጥሪ። ጾሙን ከያዝሽ ምግቡ ጾም ስለሆነ ችግር የለውም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ተራራ መውጣቱን ግን ቀድመሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት። ቆሎውን ከከረጢት እያፈሰሳችሁ ተካፈሉ እንጂ እጅ አታስገቡ፣ ጉርሻም ይቅር! መጠለያ ለመጠለያ የሚዛመተውን የሆድ በሽታ፣ ኖሮቫይረስን፣ የእጅ ጄል እንደ ሳሙና አይመክተውም።

ከመካከላችሁ ምላሱ የተሳሰረ፣ ዚፕ መዝጋት ያቃተው፣ ወይም ዝም ብሎ የሚደነቃቀፍ ካለ ገላው ከልክ በላይ ቀዝቅዟል ማለት ነውና «ደህና ነኝ» ቢልም አትስሙት። ድንኳን ትከሉ፣ እርጥቡን አውልቁ፣ ደረቅ አልብሱና ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገቡት፤ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ስጡት። ደከመኝ የሚል ካለ ዉዲ ጋፕ ላይ መኪና መንገድ ታገኛላችሁ፣ እዚያ ወስኑ።

ኒል ጋፕ ስትደርሺ ሱቁ ውስጥ ሻንጣሽን ፈትሺ፤ በአምስት ቀን ያልነካሽውን፣ ከዝናብ ልብስና ከመድኃኒት በቀር፣ ወደ ቤት ላኪው። ከዚያ ደውዪልኝ። ስልክሽን ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዘሽው እደሪ፣ ብርድ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

እናትሽ