«ሁለት ቦታ ይቀመጣል» ተብለን አንድም ስላጣንበት የቤት ፋይል ማከማቻ የቀረበ ቅሬታ

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደሴ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ በመኖሪያ ቤታችን የዘረጋችሁትን የጋራ ፋይል ማከማቻ ይመለከታል

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ሱቃችሁ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ፣ በስልክም ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። እስካሁን ያገኘሁት መልስ «ዲስክ ዕቃ ነው፣ ይበላሻል» የሚል ብቻ ነው። ዲስክ እንደሚበላሽ እኔም አውቃለሁ። ማከማቻውን የገዛነውም ስለሚበላሽ ነው። የምከስሰው ባለሙያችሁ ሁለት ቅጂ ይኖራችኋል ብሎን፣ አንድ ቅጂ ብቻ በሚይዝና ያንኑ አንዱንም ለብልሽት በሚያጋልጥ መንገድ አዘጋጅቶልን በመሄዱ ነው። በቃል የተነገረው ስላልተሰማ ነገሩን ከሥሩ በጽሑፍ አስረዳለሁ።

ሆጤ ባለው ግቢያችን እናቴ፣ የወንድሜ ቤተሰብና የእኔ ቤተሰብ አብረን እንኖራለን። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የኮምቦልቻ ነጋዴዎችን መዝገብ ቤቴ ተቀምጬ እሠራለሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ሰነድ እሰበስባለሁ። ወንድሜ የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጻል። ፋይሎቻችን በሦስት ኮምፒውተር፣ በአምስት ስልክና በየመሳቢያው ባሉ ፍላሾች ተበታትነው ነበር። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤታችንን ዘግተን ወጣን፤ ስንመለስ ኮምፒውተሮቹ አልነበሩም። የተረፈው እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው የወጣችው የፎቶግራፍ አልበምና በየስልኮቻችን የነበረው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ «ይህ ነገር ሌላ ቦታስ አለ?» የሚለው ጥያቄ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ሱቃችሁ የመጣነው ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ነው፤ ለባለሙያችሁም በዚሁ ቃል ነግሬዋለሁ።

እሱም ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ቤታችን መጥቶ፣ የማከማቻውን ሣጥን ከፍቶ ሁለቱን ባለ4 ቴራባይት ዲስኮች እያሳየኝ «አብሽሪ እህቴ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ፤ ሁሉም ነገር ሁለት ቦታ ነው የሚቀመጠው» አለኝ። እናቴና ወንድሜም ቆመው ሰምተዋል። «እንግዲያው ከስልኬ ላይ ባጠፋው ችግር የለውም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምንም ችግር የለውም» አለ። ይህን ጥያቄና መልስ ልብ በሉልኝ፤ የደረሰብን ጉዳት ሁሉ የመጣው በዚህ በኩል ነው።

ታኅሣሥ 9 ቀን ማታ መብራት ሄዶ ተመለሰ። ሣጥኑ ሲነሣ የአንደኛው ዲስክ ምልክት ቀይ ሆኖ ቀረ፤ ከውስጡም ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። መብራቱ ለብልሽቱ ምክንያት ይሁን አይሁን አልከራከርም። ሌላኛው ዲስክ አለ ብለን ደግሞ አልደነገጥንም። ወንድሜ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የጋራ ፎልደሩን ቢፈልግ ፎልደሩ ጨርሶ የለም። የሣጥኑን መቆጣጠሪያ ገጽ ስንከፍት ነው «ሬይድ 0» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው።

ሬይድ ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስኮችን እንደ አንድ ማከማቻ የሚያሠራ ዘዴ ነው። የሬይድ 0ንና የሬይድ 1ን ልዩነት እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን ይህ ደብዳቤ ለሌላ አካልም ሊቀርብ ስለሚችል እጽፈዋለሁ። በሬይድ 1 የገባው ሁሉ በሁለቱም ዲስኮች ላይ እኩል ይጻፋል። ቦታው የአንዱ ዲስክ ያህል ብቻ ይሆናል፤ በምትኩ አንዱ ሲሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ሬይድ 0 ፋይሉን ቆራርጦ አንዱን ቁራጭ በዚህ፣ ቀጣዩን በዚያ ዲስክ ላይ ይበትነዋል። ቦታው የሁለቱ ድምር ይሆናል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል፤ አንዱ ዲስክ ሲሞት ግን በሌላው ላይ የሚቀረው ገጹ አንድ እየዘለለ እንደተቀደደ መጽሐፍ ነው። ከሁለቱ የትኛውም ቢበላሽ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ዲስክ የገዛነው ለጥበቃ ብለን ሳለ፣ በእናንተ አሠራር የመጥፊያችን ምክንያት ከአንድ ወደ ሁለት ከፍ አለ። አንድ ዲስክ ብቻ ገዝተን ቢሆን ይሻለን ነበር።

ማስረጃዬ የራሳችሁ የርክክብ ቅጽ ነው። ማኅተማችሁ ያረፈበት ወረቀት «8 ቴራባይት የጋራ ማከማቻ» ይላል። ባለ4 ቴራባይት ሁለት ዲስኮች ሁለት ቅጂ የሚይዙ ቢሆን ኖሮ ቅጹ ላይ የሚጻፈው 4 ነበር። ኮምፒውተራችን (በራሱ አቆጣጠር ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ) 7.2 ገደማ ያሳይ የነበረውም ለዚህ ነው፤ ሁለት ቅጂ ቢሆን 3.6 ገደማ ይታይ ነበር። ቁጥር እንጀራዬ ሆኖ ሳለ ይህን በጊዜው አለማስተዋሌ ዛሬም ያንገበግበኛል። ነገር ግን 8 ብሎ የጻፈውም፣ ሁለት ቦታ ይቀመጣል ብሎ ያረጋገጠልንም ያው አንድ ሰው ነው። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ እንደማይችሉ ማወቅ የእሱ ሙያ ነበር።

የጠፋብንን ልንገራችሁ። የሒሳብ መዝገቦቹን ከወረቀት ሰነዶቹ እየመለስሁ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ሠርቼ ከግማሽ በላይ ደርሻለሁ። ወንድሜ ገና ያላስረከባቸው የሁለት ሠርጎች ቀረጻ ጠፍቶበት በሽማግሌ የሙሽሮቹን ቤተሰቦች ይቅርታ ጠይቋል። የአልበሙ ፎቶግራፎች በወረቀት ስላሉ እንደገና ስካን ይደረጋሉ። መተኪያ የሌለው የአያቴ ድምፅ ነው።

አያቴ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አረፈች። ከማረፏ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ ስልኬን ከረከቦቱ አጠገብ አስደግፌ ድምፅዋን ቀድቼ ነበር። 41 ደቂቃ ነው። በ66ቱ ረሃብ ልጅ አዝላ ወደ ደሴ የመጣችበትን መንገድ ትናገራለች፤ ማን ውሃ እንደሰጣት፣ የት እንዳደረች፣ ማንን ቀብራ እንዳለፈች። መሀል ላይ ሲኒ ሲጋጭ ይሰማል፣ እናቴ «ጀባ» ስትላት ይሰማል። በረካው ሲደርስ ወሬዋን ትታ ዝቅ ባለ ድምፅ መንዙማ ታዜማለች፤ እዚያ ላይ የሁላችንም ድምፅ ጸጥ ይላል። በሰኔ ወር ስልኬ ሲሞላ ይህን ቅጂ ወደ ማከማቻው አዘዋውሬ ከስልኬ አጠፋሁት። ያጠፋሁት «ምንም ችግር የለውም» ተብዬ ነው።

ከብልሽቱ በኋላ የሆነውም ያሳዝናል። በማግስቱ ስደውል ባለሙያችሁ «አዲስ ዲስክ እናስገባና እንደገና ፎርማት እናድርገው፣ ይሠራል» አለኝ። ሣጥኑማ ይሠራል። ያንን ፈቅጄ ቢሆን በደህናው ዲስክ ላይ የቀረው ግማሽም ተደምስሶ የማስመለስ ተስፋው አብሮ ይቀበር ነበር። ጠቅ ጠቅ የሚል ዲስክን ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን እንደሚያብስ፣ መከፈት ካለበትም አቧራ በማይገባበት ክፍል፣ በዚህ ሙያ በሠለጠነ ሰው እጅ ብቻ እንደሆነ ሊነግረኝ የሚገባው እሱ ነበር። የነገረኝ ግን በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር የአክስቴ ልጅ ነው።

ይኸው ልጅ ሥራችሁን ሲፈትሽ ሌላም ነገር ወጣ። ከራውተሩ ወደ ሣጥኑ የሚሄደውን ገመድ ነቅሎ ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ። ብርሃን በሚያሳልፈው ፕላስቲክ ውስጥ ስምንት ትንንሽ የብረት ጥርሶች ተደርድረዋል፤ ሽቦ የደረሳቸው ግን አራቱ ብቻ ናቸው፣ ብርቱካናማው ጥንድና አረንጓዴው ጥንድ። ሰማያዊውና ቡናማው ከውጭኛው ሽፋን ሥር ተቆርጠው ቀርተዋል። እንዲህ ያለ ገመድ በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም፤ ለ1,000 ስምንቱም ሽቦ ያስፈልጋል። ደረሰኛችሁ ላይ የተጻፈው 1,000 ነው። ወንድሜ 500 ጊጋባይት ቀረጻ ለማስተላለፍ ከአሥራ ሁለት ሰዓታት በላይ ይጠብቅ የነበረው፣ እኛም ዕቃው ደካማ ነው እያልን ሰባት ወር የቻልነው በእነዚያ አራት ሽቦዎች ምክንያት ነው።

የይለፍ ቃሉ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። የሣጥኑ የአስተዳዳሪ ስምና የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደመጣ ነው የተተወው፤ የጋራ ፎልደሩም ያለ ይለፍ ቃል ለማንም ክፍት ነበር። ወሎ ላይ ቤት ለመጣ እንግዳ የዋይፋይ ቁልፍ መስጠት ቡና እንደመጋበዝ ነው። ስለዚህ ግቢያችን ገብቶ ስልኩን ያገናኘ ሁሉ የነጋዴዎቹን ሒሳብ ከፍቶ ማንበብ ይችል ነበር ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች ገበናቸውን የሰጡኝ አምነውኝ ነው፤ እያንዳንዳቸውን አግኝቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ቀላል ንግግር አልነበረም።

በዚያ ላይ ባለሙያችሁ ኤስኤምቢ 1 የተባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ ሥርዓት ከፍቶ ትቶታል። ለምን ብዬ ስጠይቅ «የወንድምሽ የቆየ ኮምፒውተር ያለዚያ አይገባም» አለኝ። የወንድሜ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነው፤ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ከዚያ አዲስ የሆነውን ኤስኤምቢ 2.1ን ስለሚያውቅ አሮጌው አያስፈልገውም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ብዙ አገሮችን ሲያዳርስ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተሻገረው በዚሁ በኤስኤምቢ 1 ክፍተት ነበር። ማይክሮሶፍትም ከጥቂት ወራት በኋላ ባወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ላይ ይህን ሥርዓት ዘግቶ ማቅረብ ጀመረ። እናንተ በ2016 ዓ.ም. ከፈታችሁት። መብራት በሄደ ቁጥር የሣጥኑ አድራሻ እየተለወጠ ልጆቹ ፎልደሩን የሚያጡበት ችግርም ነበር፤ በራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ መመደብ የደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ እሱን ከቅሬታ አልቆጥረውም።

ሬይድ 1 ተደርጎልን ቢሆንም ከስርቆት፣ ከእሳትና በስሕተት ከማጥፋት እንደማያድን አሁን ተረድቻለሁ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ሣጥኑን የወሰደ ሁለቱንም ይወስዳል። ቤታችን ባዶ ሆኖ እንደጠበቀን ነግረነው ሳለ፣ ሌላ ቤት የሚቀመጥ ሦስተኛ ቅጂ ያዙ ብሎ አለመምከሩ ነው የሚገርመኝ። ለዚህ ያስፈለገው አንድ ተነቃይ ዲስክ ብቻ ነው። አሁን ኮምቦልቻ እህቴ ቤት አስቀምጫለሁ፤ በየሳምንቱ ሐረጎን ስወርድ አድሰዋለሁ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሁለቱም ዲስኮች በእናንተ ወጪ መረጃ ማስመለስ ወደሚችል ባለሙያ እንዲላኩ፣ ውጤቱም ተሳካም አልተሳካም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ። የተበላሸው ዲስክ የአንድ ዓመት ዋስትናው ስላላለቀ ያለ ክፍያ እንዲተካ። ለተከላ የከፈልነው 9,000 ብር እንዲመለስና ገመዱ በስምንቱም ሽቦ እንደገና እንዲሠራ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለእኛ የተሰጠን መረጃ ትክክል አልነበረም። በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ አስቀድማችሁ እንድትፈጽሙት የምለምናችሁ ግን ለእኔ የሚጠቅም አይደለም። ያው ባለሙያ የተከለላቸውን ሌሎች ቤቶችና ሱቆች ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው። ፍለጋው ቀላል ነው፤ የርክክብ ቅጾቻችሁን አገላብጡ፣ ሁለት ዲስክ ተገዝቶ የሁለቱ ድምር የተጻፈበት ሁሉ እንደ እኛ ቤት ነው። እነዚያ ሰዎች ዲስካቸው ገና አልተበላሸም፤ ፋይላቸውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው ማስተካከል ይችላሉ። ከመካከላቸው ከስልኩ ላይ ዛሬ ማታ የሚያጠፋ ይኖራል።

ባለሙያችሁ ከሥራ እንዲባረር አልጠይቅም። ትሑት ልጅ ነው፣ እናቴን ጉልበት ስሞ ነው የገባው። ማንም ቁጭ አድርጎ እንዳላስተማረው ግን ሥራው ይናገራል፤ ያ የእናንተ ኃላፊነት ነው።

የርክክብ ቅጹንና የደረሰኙን ቅጂ እንዲሁም የገመዱን ጫፍ ፎቶግራፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ዲስኮቹ የትኛው በየትኛው ቀዳዳ እንደነበረ ተጽፎባቸው፣ በጨርቅ ተጠቅልለው በእናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ከአልበሙ አጠገብ ናቸው። ሰው ስትልኩ ቀድማችሁ ደውሉልኝ፤ እኔ ራሴ ካልተገኘሁ እናቴ ለማንም አትሰጥም።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ
ሆጤ፣ ደሴ