የሻርኳ ዓይንና የጅብራው ግንድ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

«የግሪንላንድ ሻርክ 400 ዓመት ይኖራል» ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። ቁጥሩ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣ ጥናት ነው፤ ጥናቱ ግን እንዲያ አላለም። ከተመረመሩት 28 ሴት ሻርኮች ትልቋ፣ 5 ሜትር የምትረዝመው፣ 392 ዓመት ተገመተላት፤ ግምቱ ግን በ120 ዓመት ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። በድፍረት የሚባለው «ቢያንስ 272» ብቻ ነው። እሱም አይናቅም።

የብዙ ሻርኮች ዕድሜ የሚቆጠረው ከአከርካሪያቸው ቀለበት ነው። የዚህች አከርካሪ ለስላሳ ስለሆነ ቀለበት አይዝም። ስለዚህ ወደ ዓይኗ ሌንስ ተኬደ፤ የሌንሱ እምብርት ገና ሳትወለድ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ አይታደስም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የኒውክሌር ሙከራዎች የበተኑት ራዲዮአክቲቭ ካርቦን በትንንሾቹ ሻርኮች ሌንስ ውስጥ ተገኘ፤ በትልልቆቹ ግን አልነበረም። እነሱ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው ማለት ነው።

ከዚህች ሻርክ ጋር የሚነጻጸር አበባ ከተፈለገ፣ የሰሜንና የባሌ ተራሮች ባለ ረጅም ግንድ ተክል፣ ጅብራ፣ ቅርብ ነው። እሱም ዕድሜውን አይናገርም። በውርጭ ምድር ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ ነው፤ በግንዱ ላይ የሚታመን የዓመት ቀለበት አይሠራም። ሊገመት የሚችለው በቅጠል ነው፦ ከመሐል የወጣውን አዲስ ቅጠል በቀለም ምልክት ማድረግ፣ በዓመቱ ተመልሶ ከምልክቱ በላይ ያሉትን መቁጠር፣ በግንዱ ላይ ያለውን የቅጠል ጠባሳ ሁሉ ለዚያ ማካፈል። ሁለት ነገር ያሳስታል፤ የታችኛው ጠባሳ ይፋቃል፣ ችግኝም እንደ ትልቁ አያድግም። ቀለሙ ሲቀባ ደግሞ የመሐሉን እምቡጥ መንካት አይገባም፤ ግንዱ ቅርንጫፍ ስለማያወጣ እምቡጡ ከተጎዳ ተክሉ አለቀለት።

ልዩነታቸው ግን እዚህ ላይ ነው። ሻርኳ ለመውለድ የምትደርሰው በ150 ዓመቷ ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ ሌላ ዓሣ ሲጠመድ መረብ ውስጥ የገባች ትልቅ ሴት በሕይወት ብትለቀቅ ትርፉ ከፍ ያለ ነው። ጅብራ በዕድሜው አንዴ ብቻ ያብባል፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ዘሩን በትኖ ጨርሶ ቆሞ የደረቀው ቢወሰድ በዘሩ ላይ የሚመጣ ጉዳት የለም። አበባው ገና አረንጓዴ ሳለ የተቆረጠው ግን አንድም ዘር አልተወም፤ ስለዚህ ጥበቃው ካላበበውና እያበበ ካለው ይጀምር።