የቅሬታ ደብዳቤ፦ የኤክሴል ፋይሎችን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ሥርዓት መረጃችንን እያበላሸ ስለመሆኑ

ቀን፦ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለሥርዓቱ አቅራቢ ድርጅት
የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል

ጉዳዩ፦ በውሉ መሠረት ማስተካከያ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

ከቅርንጫፎቻችን የሚላኩትን የፔሮልና የሠራተኛ መረጃ ፋይሎች በየሌሊቱ ከኤክሴል ወደ ጽሑፍ ፋይል ቀይሮ ለባንክና ለመረጃ ቋታችን እንዲያዘጋጅ ያቀረባችሁልን ሥርዓት ሥራ ከጀመረ ሦስት የደመወዝ ወር ሞልቶታል። በእነዚህ ወራት አንድም ቀን «ስህተት» ብሎ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት የሚደርሰን ሪፖርት ሁልጊዜ «ሁሉም ፋይሎች ተቀይረዋል» ይላል። ቅሬታችን የሚነሣውም ከዚሁ ነው፦ ሥርዓቱ መረጃ ሲያበላሽ አይናገርም፣ አይቆምም። ስህተቱን የምናውቀው ባንኩ ክፍያ ሲመልስ ወይም ሠራተኛ ደመወዙ ሳይገባለት ሲቀር ነው።

ከሁሉም የሚብሰው የሂሳብ ቁጥሩ ጉዳይ ነው። ባለ 13 አሃዝ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ጄነራል ፎርማት ባለው (ቁጥር ወይም ቴክስት ተብሎ ዓይነቱ ባልተመረጠለት) ሴል ውስጥ ሲጻፍ፣ ኤክሴል ከ11 አሃዝ ያለፈውን ቁጥር አሳጥሮ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳየዋል። ፋይሉ ሲኤስቪ (ኮለሞቹ በኮማ የሚለዩበት ተራ ጽሑፍ ፋይል) ሆኖ ሲቀመጥ ደግሞ የሚጻፈው ሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ሳይሆን ሴሉ ላይ የሚታየው ነው። ስለዚህ 1000012345678 እና 1000012398765 የሚሉ የሁለት ሰዎች ሂሳቦች በጽሑፍ ፋይሉ ላይ ሁለቱም 1.00001ኢ+12 ሆነው ወጥተዋል። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀየሩ ናቸው፤ «ኢ» ያልነውም የላቲኑን ፊደል ነው።) የመጨረሻዎቹ አሃዞች ከዚያ በኋላ በጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ የትም የሉም፤ በምንም መንገድ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ይህ እንዳለ ሆኖ ሥርዓታችሁ ቅየራውን እንደጨረሰ ዋናውን ኤክሴል ከፎልደሩ ያጠፋዋል። ቅርንጫፎች የራሳቸውን ቅጂ ባያስቀምጡ ኖሮ የግንቦት ፔሮል የሚታረምበት ምንጭ አይኖርም ነበር።

ለዚህ ችግር የሰጣችሁን መልስ «ኮለሙን ቴክስት አድርጉት» የሚል ነው። አድርገነዋል፤ ውጤቱ ግን አልተለወጠም። ምክንያቱን ያገኘነው ሥርዓቱ በጊዜያዊ ፎልደር ትቶት የሚሄደውን መካከለኛ ፋይል ከመጨረሻው ፋይል ጋር በኖትፓድ ጎን ለጎን ከፍተን ስናይ ነው። በመካከለኛው ፋይል ላይ ስልኩ 0900001234፣ ሂሳቡም ሙሉው 13 አሃዝ ነው። በመጨረሻው ፋይል ላይ ስልኩ 900001234 ሆኗል፣ ሂሳቡም ተመልሶ አጥሯል። ፕሮግራማችሁ የመጀመሪያውን ሲኤስቪ ካወጣ በኋላ «ለማረጋገጥ» ብሎ በኤክሴል መልሶ ይከፍተውና እንደገና ያስቀምጠዋል። ሲኤስቪ ደግሞ የትኛው ኮለም ቴክስት፣ የትኛው ቁጥር እንደሆነ የሚናገር ምንም ምልክት አይዝም። ኤክሴል ሲከፍተው በራሱ ግምት ቁጥር ያደርገዋል፣ ፊት ያለውን ዜሮም ይጥለዋል። በ00 የሚጀምሩ ባለ 10 አሃዝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሮችም በዚሁ መንገድ 8 አሃዝ ሆነው ቀርተዋል። ማረጋገጫ ተብሎ የተጨመረው ደረጃ ትክክል የነበረውን ያበላሻል ማለት ነው፤ ከነጭራሹ መውጣት አለበት።

የፋይዳ ቁጥርን በተመለከተ ጥፋቱን በሙሉ በቅየራው ላይ አንጥልም። ኤክሴል ቁጥርን የሚይዘው እስከ 15 አሃዝ ድረስ ብቻ ስለሆነ ባለ 16 አሃዙ ቁጥር ጄነራል በሆነ ሴል ውስጥ ገና ሲጻፍ መጨረሻው ዜሮ ይሆናል፤ 1234567890123456 የተባለው 1234567890123450 ሆኖ ይቀመጣል። የትኛውም ቀያሪ ይህን ሊመልስ አይችልም። ነገር ግን ቅርንጫፎች የሚሞሉትን ቴምፕሌት ያዘጋጃችሁት እናንተ ናችሁ፤ የፋይዳው ኮለም በውስጡ ጄነራል ነው። ቀያሪውም ሴሉ ቁጥር እንጂ ቴክስት አለመሆኑን ማየት እየቻለ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ባለ 16 አሃዝ ቁጥር በቁጥር ሴል ውስጥ ከተገኘ ያ ረድፍ መመለስ አለበት፤ መጨረሻው እውነተኛ ዜሮ ይሁን የጠፋ አሃዝ ማንም ሊያውቅ አይችልምና።

ወደ አማርኛ ስሞች ስንመጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የስም ኮለሙ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። በኮማ የተለየውን መደበኛ ሲኤስቪ የመረጠ ሰው ፊደሉን የሚያስቀምጠው በዊንዶውስ የምዕራባውያን ኮድ ገጽ (የፊደላት የቁጥር ሠንጠረዥ) ነው፤ እዚያ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የሚባል የለም። በሰኔ ወር በላካችሁት ማሻሻያ ግዕዝንም ወደሚይዘው የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ ወደ ዩቲኤፍ-8፣ ቀይራችሁታል፤ ለዚህ እናመሰግናለን። ሆኖም አዲሱ ፋይል መጀመሪያ ላይ ሦስት ባይት ያለው የማይታይ ምልክት ተጨምሮበት ይመጣል። የመረጃ ቋታችን ያንን ምልክት የመጀመሪያው ኮለም ስም አካል አድርጎ ስለሚያነበው «መለያ ቁጥር» የሚባል ኮለም አላገኘሁም ብሎ ፋይሉን ይጥላል። ፋይሉን ሰው በኤክሴል የሚከፍተው ቢሆን ምልክቱ ይጠቅም ነበር፤ ለማሽን በሚላክ ፋይል ላይ ግን አያስፈልግም።

በቋሚ ርዝመት የሚወጣው የባንክ ፋይል ላይም ስሙ የሚቆረጠው በፊደል ሳይሆን በባይት ተቆጥሮ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 40 ባይት የተመደበለት ቦታ ያለ ክፍተት 13 ፊደል ብቻ ይይዛል፣ የቀረችው አንድ ባይት የ14ኛው ፊደል ቁራጭ ሆና ትቀራለች። የስማቸው መጨረሻ ላይ እንግዳ ምልክት የወጣባቸው ሠራተኞች በሙሉ በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የከፋው «የፊደል ማጽጃ» የተባለው ደረጃ ነው። ኃ እና ሐን ወደ ሀ፣ ዓን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይቀይራል። ለፍለጋ ሲሆን ይህ የታወቀና ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ፈላጊው በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ እንዲያገኝ ይረዳል። በሚወጣው መረጃ ላይ ግን ማንም እንዲሠራው አልጠየቃችሁም። «ዓለምፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ሠራተኛ በጽሑፍ ፋይሉ «አለምጸሀይ» ስትሆን ስሟ በመታወቂያዋና በቅጥር ውሏ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። የሰው ስም በባለቤቱ አጻጻፍ ይጻፋል። ይህ ደረጃ ለፍለጋ በሚያገለግል ተጨማሪ ኮለም ላይ እንጂ በዋናው ስም ላይ እንዳይሠራ በጥብቅ እንጠይቃለን።

በውሉ ውስጥ የነባር ፋይሎች ቅየራም ተካቷል። እዚህ ላይ ያስረከባችሁን ውጤት ፈጽሞ ልንቀበለው አንችልም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ጽሑፍ ፋይል ደግሞ ፎንት አይሸከምም። ሴሉ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ፎንቱ ይቀርና የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይወጣል። ትክክለኛው ሥራ ለእያንዳንዱ ፎንት የመለወጫ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ፣ የሴሉን ፎንት ስም አንብቦ፣ በዚያው ፎንት ሠንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ ማዞር ነው። በአንድ ሴል ውስጥ ሁለት ፎንት ሲቀላቀል፣ ለምሳሌ ፊደሉ በአንዱ፣ ቁጥሩ በሌላው ሲሆን፣ ኤክሴል እያንዳንዱን ቁራጭ ከነፎንቱ ለይቶ ያስቀምጠዋልና ያንንም ማንበብ ይቻላል። ይህ ሁሉ ሊደረግ የሚችለው ዋናው ፋይል በእጅ ሳለ ብቻ ነው። ነባር ፋይሎቹን ከሰጠናችሁ በኋላ ምንም እንዳታጠፉ በጽሑፍ እንድታረጋግጡልን እንፈልጋለን።

ቀንን በተመለከተ ቅርንጫፎች የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር፣ ቀን/ወር/ዓመት እያሉ ነው። ሰርቨራችሁ ደግሞ በአሜሪካ አጻጻፍ፣ ወሩን አስቀድሞ ነው የሚሠራው። ሐምሌ 25 ቀን 2016 ተብሎ 25/11/2016 የተጻፈው 25ኛ ወር ስለሌለ ቴክስት ሆኖ ይቀራል፣ በዚህም ይተርፋል። ጥር 3 ግን፣ 3/5/2016 ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2016 ይሆናል። ጳጉሜን 5 ደግሞ 5/13/2016 ስለሆነ ሜይ 13 ሆኖ ይወጣል፤ እውነተኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ነው። እንግዲህ በአንድ ኮለም ውስጥ ግማሹ ትክክለኛ ቴክስት፣ ግማሹ የሐሰት የፈረንጅ ቀን ነው፤ ሪፖርቱ ግን ሁሉም ተቀይሯል ይላል። በቴምፕሌቱ ላይ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሦስት የተለያዩ ኮለሞች ብታደርጉት ችግሩ ከሥሩ ይነቀላል።

ሌሎቹን ባጭሩ እናስቀምጣቸው። አድራሻ ውስጥ ኮማ ሲኖር ቀጣዮቹ ኮለሞች በሙሉ አንድ ቦታ ይገፋሉ፤ በድርብ ጥቅስ መካከል ያለን ኮማ ኮዳችሁ አያከብርም። በአልትና ኢንተር መስመር የተሰበረበት ሴል አንዱን ረድፍ ሁለት ያደርገዋል። ብዙ ሺት ባለበት ፋይል የሚቀየረው ፋይሉ ሲዘጋ ተከፍቶ የነበረው ሺት ብቻ ነው። ከሥራ የለቀቁ ሠራተኞች የተደበቁባቸው ረድፎች ሳይታወቅ ወደ ክፍያ ፋይሉ ይገባሉ። አንድ ሰው ፋይል ከፍቶ ከሆነ ኤክሴል የሚፈጥረው በ~$ የሚጀምር የመቆለፊያ ፋይልም እንደ ፔሮል ተቆጥሮ ለቅየራ ይቀርባል። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ወይም «ሊንኮች ይታደሱ?» የሚል ሳጥን የሚያወጣ ፋይል ሲመጣ፣ ማንም በሌለበት ሰርቨር ላይ ኤክሴል መልስ እየጠበቀ ይቆማል፣ ወረፋውም እስከ ጠዋት ይዘጋል። ሰው ሳይኖር ኤክሴልን በሰርቨር ማሠራትን ማይክሮሶፍት ራሱ አይመክርም።

የምንጠይቀው ማስተካከያ ከዚህ የሚከተል ነው። ሥርዓቱ በኤክሴል በኩል ማለፉን ትቶ ፋይሉን በቀጥታ ያንብብ። አዲሱ የኤክሴል ፋይል ውስጡ የታጨቁ የኤክስኤምኤል ጽሑፎች (መረጃው በምልክት ተለይቶ የተጻፈባቸው ፋይሎች) ነው፤ የሴሉ ዋጋ ሳይቆረጥ፣ ቴክስት ወይም ቁጥር መሆኑም ተመልክቶ ይገኛል። ባለ 13 አሃዙ ሂሳብ በቁጥር ሴል ቢሆን እንኳ ከ15 አሃዝ በታች ስለሆነ በዚህ መንገድ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ በቀጥታ ሲነበብ የፎርሙላ ውጤት የሚገኘው ኤክሴል አስልቶ ካስቀመጠው ብቻ ነው። ከሌላ ፕሮግራም ወጥቶ በኤክሴል ያልተከፈተ ፋይል የተጣራ ደመወዙ ባዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ባዶ ከሆነ ፋይሉ ይመለስ እንጂ ዜሮ ተብሎ እንዳይጻፍ።

የሂሳብ፣ የስልክ፣ የግብር ከፋይና የፋይዳ ኮለሞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቴክስት ይሁኑ፣ የአሃዝ ብዛታቸውም 13፣ 10፣ 10 እና 16 መሆኑ ይፈተሽ። ስልኩ 9 አሃዝ ሆኖ ሲገኝ ሥርዓቱ በግምት ዜሮ አይጨምር፤ ረድፉን ለይቶ የፋይሉን፣ የሺቱንና የረድፉን ቁጥር ይንገረን። የሚወጣው ፋይል የመጀመሪያው ምልክት የሌለበት ዩቲኤፍ-8፣ በታብ የተለየ ይሁን። ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር የረድፍ ብዛትና የተጣራ ክፍያ ድምር ይውጣ፤ ከምንጩ ጋር በሳንቲም ካልገጠመ ወደ ባንክ አይለፍ። በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በአሮጌው የኤክሴል ፎርማት 65,536 ረድፍ ገደብ ምክንያት 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ቀርተው ነበር፤ የረድፍ ብዛትን ማመሳከር እንዲህ ያለውን ጉድለት ያጋልጣል፤ የእኛም ቅርንጫፎች ግማሾቹ እስካሁን ያንኑ አሮጌ ፎርማት ይጠቀማሉ። ዋናው ፋይልም ቢያንስ ለ90 ቀን ሳይነካ ይቀመጥ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር 20 ረድፍ ያለው መፈተኛ ኤክሴልና ከእሱ መውጣት ያለበትን ጽሑፍ ፋይል አያይዘናል። ከላይ ከዘረዘርናቸው ችግሮች በሴልና በረድፍ ላይ የሚደርሱት እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ረድፍ ላይ አሉ። የእናንተ ውጤት ካያያዝነው ጋር ባይት ለባይት ሲገጥም፣ መመለስ ያለባቸውም ረድፎች ሲመለሱ ሥራውን እንረከባለን።

ማስተካከያው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ተጠናቆ እንዲቀርብልን፣ እስከዚያም ማጥፊያው ደረጃና የፊደል ማጽጃው ዛሬውኑ እንዲዘጉ እንጠይቃለን። የሐምሌን ፔሮል በእጅ እናዘጋጃለን። በተባለው ጊዜ ካልተፈጸመ የቀረውን ክፍያ በውሉ መሠረት የምንይዝ መሆኑን እናሳውቃለን።

ከሠላምታ ጋር
የመረጃ አስተዳደር ክፍል

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ መምሪያ
ለግዥ ክፍል
ለሕግ አገልግሎት