ሰኔ ላይ መጋረጃ፣ ሐምሌ ላይ ባልዲ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አዳማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። አምፖል ሲቃጠል፣ ሽንት ቤት ሲዘጋ፣ ስብሰባ መሃል ማይክ ሲጮህ «የት ሄደች?» የምባለው እኔ ነኝ።

የከተማችንን ነፋስ የኖረበት ያውቀዋል። ከዳር የቆሙት ተርባይኖች መብራት ያመነጩበታል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ ብቻ 51 ሜጋ ዋት ነው። ለእኔ ግን ጣሪያ ላይ አቧራና ፌስታል ያመጣልኛል። በጋውን ሙሉ አሸንዳው ውስጥ ሲጠራቀም ይከርማል። ስለዚህ መጠረግ ያለበት ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው።

አምና በዚያው ግንቦት መሰላልና ሁለት የቀን ሠራተኛ ጠየቅሁ። «ሒሳብ ልንዘጋ ነው፣ በአዲሱ በጀት ይታያል» ተባልኩ። ሰኔ ላይ ደግሞ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ ለአዳራሹ አዲስ መጋረጃ ተገዛ። ሦስቱን ፕሮፎርማ የሰበሰብኩት እኔው ነኝ። መጋረጃው ያምራል፣ አልዋሽም።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት መዝገብ ቤቱን ስንከፍት ኮርኒሱ ውሃ ቋጥሮ እንደ አቁማዳ ተንጠልጥሏል። በመጥረጊያ እንጨት ነካ ባደርገው ተዘረገፈ፤ እኔም ፋይሉም አንድ ላይ ራስን። ወረቀቱን ኮሪደር ላይ አሰጣነው፤ ነፋሱ እንዳይወስደው በየገጹ ጠጠር ጫንን። የአንድ ሰው የሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ የነበረው ማኅተም ሰማያዊ ጭጋግ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ጣሪያ ላይ ስወጣ ጥበቃው ጋሼ ከታች «አንቺ ልጅ፣ ኋላ እንዳትወድቂ!» ይሉኛል። የመውረጃ ቱቦውን አፍ የደፈነው አንድ ጥቁር ፌስታል ነበር፣ ላዩ ላይ የወፍ ጎጆ ተሠርቶበት።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ገንዘብ የማይገኝበት ጊዜ ጣሪያው ከሚፈልገን ጊዜ ጋር ይገጥማል። ይህን እያወቅን የጥገና ዕቅዱን በየዓመቱ ካምናው እንገለብጣለን፣ ቀኑን ብቻ ቀይረን። ኃላፊዎቻችንን የምለምነው የጥገና ገንዘብ ተለይቶ እንዲያዝና ከመጋቢት እስከ ሰኔ ማንም እንዳይነካው ነው።

ጀነሬተሩም ያው ነው። በወር አንዴ ጭነት ይዞ፣ ማለትም ለቢሮው መብራትና ዕቃ ኃይል እየሰጠ፣ 30 ደቂቃ መሥራት አለበት፤ አስነስቶ ወዲያው ማጥፋት ሙከራ አይባልም። ያለ ጭነት ሲሠራ ነዳጁ በደንብ ስለማይቃጠል ጭስ ማውጫው በጥቀርሻና በዘይት ይለቀለቃል። ዝም ብሎ ሲቆም ደግሞ ባትሪው ይሞታል። ነዳጅ ስጠይቅ «መብራት እያለ ለምን ይባክናል?» የሚለኝ ሰው መብራት በጠፋ ቀን ቀድሞ የሚደውልልኝ ነው።

ዘንድሮ የአሸንዳውን ጥያቄ ጥር ላይ አስገባሁ፣ የረጠቡትን ፋይሎች ፎቶ አያይዤ። «ለፋይናንስ» ተብሎ ተመራበት። ይህን ስጽፍ ግንቦት ተጋምሷል፤ የቀን ሠራተኞቹ ተፈቅደውልኛል፣ መሰላሉ ግን ገና ፕሮፎርማ ላይ ነው።

ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል
ከአዳማ